ግሱን ይዘን ቅኔውን ጣልን

እንግሊዝኛ ወደ አገራችን ከመግባቱ ከብዙ ዘመን በፊት ከባድ ቃል የሚሰበስብ ተማሪ ነበረ። ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳ ያነገተ፣ ቀን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ የሚለምን፣ ማታ ማታ ከጎጆው ደጃፍ ቁጭ ብሎ የግዕዝ ግስ የሚደግም ተማሪ። ዛሬ እኛ «ሎኳሺየስ» ማለት ለፍላፊ፣ «ዩቢኩዊተስ» ማለት በሁሉም ቦታ የሚገኝ እያልን በወረቀት ጽፈን ከአልጋችን ራስጌ ስንለጥፍ ልማዱ ከፈረንጅ የመጣ ይመስላል። ቀረብ ብለን ስናየው ግን ሥሩ ከዋሸራና ከጎንጅ ነው። ከውጭ የመጣው ቋንቋው እንጂ ልማዱ አይደለም። ይልቅስ የሚያሳዝነው፣ ከአሮጌው ልማድ ግማሹን ይዘን ግማሹን መጣላችን ነው፤ ያውም ዋናውን ግማሽ። ይህን ለማሳየት ትንሽ ታሪክ መቆፈር ግድ ሆኗልና አንባቢ ይታገሠን። (ዓ.ም. ያልነው የኛን አቈጣጠር ነው፤ የፈረንጁን እ.ኤ.አ. ብለን ለይተናል።)

በግዕዝ «ሰዋስው» ማለት መሰላል ነው። የቋንቋውን ሕግና የቃላቱን ዝርዝር አንድ ላይ የያዘው ትምህርትም በዚሁ ስም ይጠራል፤ ተማሪው የሚወጣበት መሰላል መሆኑ ነው። የቅኔ ተማሪ መጀመሪያ ከግስ አርእስት ጋር ይተዋወቃል፤ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ፣ ቆመ። ሌላው ግስ ሁሉ ከነዚህ ከስምንቱ አንዱን ተከትሎ ይረባል። ከዚያ ዝርዝሩ ይመጣል። ይህ ግስ ትርጉሙ ይህ፣ ያኛው ትርጉሙ ያ እየተባለ ብዙ መቶ ቃል በቃል ይያዛል። እስከዚህ ድረስ ከኛ የግድግዳ ወረቀት ብዙም አይለይም፤ ሽምደዳ ነው።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ተማሪው ዕለት ዕለት ቅኔ መቁጠር አለበት። ቅኔ መቁጠር ማለት የሌላውን ቅኔ መድገም አይደለም፤ ከራስ አመንጭቶ አዲስ ቅኔ መሥራት ነው። ቀን ከሰው ተለይቶ ከዛፍ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ይቀመጥና ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ይሞክራል። ማታ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ሰምተው «ይህ ግስ እዚህ አይገባም» ይላሉ፤ ያቃናሉ፤ ካልሆነላቸውም ከናካቴው ያፈርሱታል። በማግሥቱ ሌላ ቈጥሮ መምጣት ነው፤ የትናንቱን መድገም የለም። እንዲህ እያለ ከጉባኤ ቃና ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ፣ ከብዙ ድካም በኋላም ወደ መወድስ ይወጣል። ስለዚህ ማታ የተያዘው ብርቅ ግስ ውሎ ሳያድር በተማሪው በራሱ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ገብቶ፣ በሰው ፊት ተሰምቶ፣ ታርሞ ይቀመጣል። ያልተሰማ ግስ አምጥቶ ጓደኛን ማፍዘዝ በቅኔ ቤት የቆየ ጨዋታ ነው፤ አልነበረም አንልም። ነገር ግን ግስ በማወቁ ብቻ ባለቅኔ የተባለ ሰው የለም።

መዝገበ ቃላታችንም የወጣው ከዚሁ ቤት ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሠሩት ኖረው ኅትመቱን ሳያዩ ዐረፉ። በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት የሳቸው ደቀ መዝሙር ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። ደስታም በተራቸው የራሳቸውን ትልቅ የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አሳተሙ። ሦስት ትውልድ ለአንድ መጽሐፍ! ዛሬ በስልካችን ጣታችንን ጫን አድርገን ቃል ስንፈልግ ይህ ድካም ትዝ አይለንም።

አሁን ደግሞ የእንግሊዞቹን ጓዳ እንይ፤ ምክንያቱም እኛ ከባድ የምንላቸው ቃላት በአንድ ወቅት ለእንግሊዞቹም ባዕድ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች አገሩን ከያዙ ወዲህ ቤተ መንግሥቱና ችሎቱ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሆነ፤ ገበሬው በጥንት ቋንቋው ቀረ። ቈይቶም ሊቃውንቱ ከላቲን ይበደሩ ጀመር። ለዚህ ነው ዛሬ መጠየቅ በሦስት ፎቅ የሚገኘው። «አስክ» የገበሬው ነው፤ «ክዌስቸን» በፈረንሳይኛ በኩል የገባው፤ «ኢንተሮጌት» የላቲኑ። ሦስቱም መጠየቅ ናቸው፤ ግን የመጀመሪያው እናት ልጅዋን፣ የመጨረሻው ፖሊስ ተጠርጣሪውን ነው። ይህን የፎቅ ልዩነት ዝርዝር አይነግረንም፤ ዝርዝር «መጠየቅ» ብሎ ያልፋል። ስንቶቻችን ነን ለመምህር በምንጽፈው ወረቀት ላይ «መምህሩን ኢንተሮጌት አደረግናቸው» ልንል የምንችለው!

በ16ኛው መቶ ዘመን የላቲን ቃል ማግበስበሱ ልክ ሲያጣ፣ ቶማስ ዊልሰን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1553 ባወጣው የንግግር ጥበብ መጽሐፍ በዚህ ዓይነቱ ጸሐፊ ላይ ተሣለቀ። ቃላቱን «የቀለም ቀንድ ቃላት» ይሏቸው ነበር፤ የጸሐፊ ቀለም በቀንድ ይቀመጥ ስለነበር ነው። የኛ ቁም ጸሐፊስ ቀለሙን በምን ያኖር ነበር? መሬት ላይ በተተከለ ቀንድ አይደል እንዴ! ስድቡ ሳይብራራ ይገባናል ማለት ነው። ሮበርት ካውድሬ እ.ኤ.አ. በ1604 ያሳተመው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ የፈታው መዝገበ ቃላትም ወደ 2,500 የሚጠጉ ቃላት ብቻ ነበሩት፤ ሁሉንም ሳይሆን ከባዶቹን መርጦ የሚፈታ ነበር። እንግዲህ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ራሱ የተወለደው እንደኛ ግድግዳ ወረቀት ሆኖ ነው።

ከዚያ ሳሙኤል ጆንሰን ይመጣል። ከ42 ሺህ በላይ ቃላት የፈታበት ታላቅ መዝገቡ እ.ኤ.አ. በ1755 ወጣ። እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። የጆንሰን የመጀመሪያ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1735 የታተመው፣ ኢየሱሳዊው ሎቦ ስለ አገራችን የጻፈው የጉዞ ታሪክ ትርጉም ነው። እ.ኤ.አ. በ1759 ደግሞ ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል «ራሴላስ»ን ጻፈ፤ ላቲን በተጫነው፣ ረጅም ትንፋሽ በሚጠይቅ እንግሊዝኛ። ይህን መጽሐፍ በኋላ ወደ አማርኛ የመለሱት የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ፣ ኦክስፎርድ የተማሩት ሲራክ ኅሩይ ናቸው። ጆንሰን አገራችንን በዓይኑ ሳያይ ጻፈባት፤ የኛ ሰው ደግሞ የጆንሰንን ከባድ ቃል አጥንቶ ልዑሉን ወደ ቤቱ መለሰው። ቃል መማር ለምን ይጠቅማል ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አናውቅም።

በዚህ በኛ በኩል፣ አማርኛና እንግሊዝኛ በአንድ ትልቅ መዝገብ ፊት ለፊት የተቀመጡት እ.ኤ.አ. በ1841 ነው። መዝገቡን ለንደን ላይ ያሳተመው ኢሰንበርግ ለእንግሊዝ የሚስዮን ማኅበር የሚሠራ ጀርመናዊ ነበር። ሁለቱን ቋንቋዎች ያገናኛቸው ሰው ሁለቱንም ከእናቱ የተማራቸው አልነበረም።

ከ27 ዓመት በኋላ መቅደላ ሆነ። ከዚያ አምባ እንግሊዞች ይዘዋቸው ከሄዱት ሕፃናት የሁለቱን ታሪክ እናውቃለን። ልዑል ዓለማየሁ እንግሊዝ አገር አደገ፤ የእናት የአባቱን ቋንቋ ረሳ፤ እ.ኤ.አ. በ1879 ገና በ18 ዓመቱ ሞተ። ሁለተኛው ወርቅነህ እሸቴ ይባላል። አንድ የእንግሊዝ መኰንን ወደ ሕንድ ወሰደው፤ ቻርልስ ማርቲን ተብሎ አድጎ ሐኪም ሆነ። ጎልማሳ ሆኖ ሲመለስ አማርኛ ጠፍቶት ነበር፤ እንደ አዲስ ተማረ። እኚህ ሐኪም ወርቅነህ ናቸው በኋላ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ኃላፊ የሆኑት፤ ጂኦግራፊንም በአማርኛ ጽፈው አሳተሙ። እንግሊዝኛ ለሁለቱም በምርኮ የገባ ቋንቋ ነው። አንዱን ብቻውን አስቀረው፤ ሌላው ይዞት ተመልሶ ለአገሩ ልጅ መጽሐፍ አደረገው።

ለማንኛውም፣ በዳግማዊ ምኒልክም (እ.ኤ.አ. በ1908) ሆነ በተፈሪ መኰንን (በ1917 ዓ.ም.) ትምህርት ቤት የበላይነቱ የፈረንሳይኛ ነበር። ባቡሩም፣ ሚኒስቴሩም፣ ዲፕሎማሲውም ፈረንሳይኛ ይናገሩ ነበር። «ቢሮ»፣ «ለገሐር»፣ «አውሮፕላን» የዚያን ጊዜ ትሩፋቶች ናቸው። ጣሊያን መጥቶ ሲሄድ ደግሞ ሌላ ዓይነት ቃል ትቶ ሄደ፤ «ካንዴላ»፣ «ፍሪሲዮን»፣ «ጎሚስታ»፣ «ፉርኖ»። እስቲ መናኸሪያ አካባቢ ካለ ጋራዥ ገብታችሁ አድምጡ። ዘይት በዘይት የሆነ ልጅ ከደርዘን በላይ የጣሊያንኛ ቃል በአንድ ትንፋሽ ይናገራል። አንዱንም ከዝርዝር አልተማረም። ቃሉን የተማረው ዕቃውን ፈትቶ ነው፤ ሲሳሳት በቁልፍ ጀርባ እየተቀመሰ። እንግሊዝኛ ግን በእጅ አልገባም፤ በክፍል ገባ፣ በጥቁር ሰሌዳ። ይህ ልዩነት ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ነገር ይፈታል።

እንግሊዝኛ የትምህርት ቋንቋ ሆኖ የነገሠው ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ፣ እንግሊዞች ጣሊያንን ለማስወጣት አብረው ከገቡ በኋላ ነው። በ1935 ዓ.ም. የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ፣ በ1938 የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከፈቱ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ጀመረ፤ የመሩትም የካናዳ ኢየሱሳውያን ናቸው፤ ፈረንሳይኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች በእንግሊዝኛ ለማስተማር መጡ። ከዚያም የሕንድ መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ተበተኑ፤ ሰዋስው እንደ ዳዊት የሚያስደግሙ። በ1955 ዓ.ም. መግቢያ የአሜሪካ የሰላም ጓዶች ተጨመሩ። አንዱ ቃል ለንደን ሌላ፣ ዋሽንግተን ሌላ ሆኖ ይጻፋል፤ ተማሪው ባንዱ መምህር ዘንድ የታረመለትን በሌላው ዘንድ ተሰርዞ ያገኘዋል። ወይ ጉድ!

ከዚህ ሁሉ መካከል ግን የሚገርም ትውልድ ወጣ። ስለዚህ ትውልድ ብዙ ተብሏል፤ እኛ የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው። እነዚያ ተማሪዎች እንግሊዝኛውን ይቈጥሩት ነበር፤ በቅኔ ቤት አነጋገር ማለታችን ነው። ክርክር ነበራቸው፤ ተነሥተው ይናገራሉ፣ ተቃዋሚው ተነሥቶ ያፈርስባቸዋል። ጋዜጣ ነበራቸው። በ1962 ዓ.ም. ኅዳር የዋለልኝ መኰንን የብሔረሰቦች ጽሑፍ የወጣው በተማሪዎቹ «ስትራግል» ላይ ነው፤ የወጣውም በእንግሊዝኛ። ግጥሙ ግን በአማርኛ ነበር፤ በየዓመቱ በኮሌጅ ቀን ተነብቦ ባለሥልጣን ያስቈጣ የነበረው ግጥም። ትንታኔውን በትምህርት ቤቱ ቋንቋ፣ እሮሮውን በእናት ቋንቋ! የዚህን የሥራ ክፍፍል ምክንያት የሚያጠና ሰው ቢገኝ ጥሩ መጽሐፍ ይወጣዋል።

ከዚሁ ዘመን በእንግሊዝኛ የጻፉ ደራሲያን ተነሡ። የፀጋዬ ገብረ መድኅን «ኦዳ ኦክ ኦራክል» እ.ኤ.አ. በ1965 ታተመ፤ የሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «አፈርሳታ» በ1969፤ የዳኛቸው ወርቁ «አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» በ1973። የሣህለ ሥላሴን አርእስት ልብ በሉልን። አፈርሳታ ማለት የመንደር ሰው ተሰብስቦ፣ ያጠፋው ሰው እስኪወጣ ድረስ የሚቀመጥበት የምርመራ ወግ ነው። ለዚህ የሚሆን እንግሊዝኛ አልነበረም፤ ስለዚህ ደራሲው ቃሉን ራሱን በሽፋኑ ላይ አኖረው። ለንደን ያለው አንባቢ ብርቅ ቃል አገኘ፤ ያገኘውም ከኛ ነው። የቃል ሀብት እንዲህ በሁለት አቅጣጫ ሲሄድ ደስ ይላል። ሦስቱም ደራሲያን በአማርኛም የጻፉ መሆናቸውን አለመዘንጋት ነው።

ከዚያ አብዮት ሆነ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና መምህር ገጠር ወረደ። በእንግሊዝኛ ያነበበውን ሁሉ ለገበሬ ማስረዳት ነበረበት፤ «ፊውዳሊዝም»ን፣ «አይዲዮሎጂ»ን፣ «ኮንሸስነስ»ን። ገበሬው ባላባቱን በስሙ ያውቀዋል፤ «ፊውዳል» ሲሉት ግን ዞር ብሎ ያያል። ከባዱ ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ፈታኝ መምህር፣ በባለጉዳዩ ፊት ተፈተነ። መፍትሔው ከየት ተገኘ? ከሰዋስው ቤት! «ርእየ» ከሚለው የግዕዝ ግስ «ርዕዮተ ዓለም» ተሠራ። «ንቃተ ኅሊና» መጣ። ግዕዝን አድኃሪ ነው ያለው ወጣት ሳይቀር ካርል ማርክስን ለመተርጐም የአለቃ ኪዳነ ወልድን በር አንኳኳ። አሳዛኝም ነገር ነበረበት። ፕሮሌታሪያትን አንዱ ወገን «ላብ አደር» ሲል ሌላው «ወዝ አደር» አለ፤ ሰው በመረጠው ቃል ብቻ ከየትኛው ጎራ እንደሆነ የሚታወቅበት ጊዜ ደረሰ። ላብና ወዝ ያን ያህል የሚራራቁ አልነበሩም።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ከሆነበት ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ እንግሊዝኛ ደጃፍ ላይ የቆመ ዘበኛ ሆነ። ልጁ እስከ ስድስተኛ ክፍል በሚያውቀው ቋንቋ ይማርና ሰባተኛ ሲገባ በአንድ ሌሊት ሁሉ ነገር ይለወጥበታል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ የእናት ቋንቋን አስገባ፤ ትልቅ ነገር ነው፤ ሲዳምኛ ተናጋሪው ልጅ በቋንቋው ማንበብ ቻለ። ዘበኛው ግን በሩን ትንሽ ወዲያና ወዲህ ከማድረግ በቀር አልተነሣም። ሁለተኛ ደረጃና ዩኒቨርሲቲ ዛሬም በእንግሊዝኛ ነው። የአድዋን ታሪክ እንኳ በእንግሊዝኛ ነው የተፈተንነው።

ፈተናውስ? የኛ ትውልድ የሚያውቀው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብሎ መምረጥን ነው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተሰበረው ብለን የምናምነው። ምርጫ ቃሉን እንድታውቀው ይፈልጋል እንጂ እንድትጠቀምበት አይፈልግም። የአሜሪካኑ «ሪደርስ ዳይጀስት» ከእ.ኤ.አ. 1945 ጀምሮ ያወጣው የነበረው የቃላት ጨዋታ እንኳ በዚሁ ስልት ነበር፤ ቃሉ ከነአራት ምርጫው። ኖርማን ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1949 ያሳተመው የቃላት ማዳበሪያ መጽሐፍ ቢያንስ ሥሩን ያስተምራል፤ የላቲንና የግሪክ ሥር ይዞ ቃል ያረባል፤ ያ ለቅኔ ተማሪ እንግዳ አይሆንም፤ ከስምንቱ አርእስት ጋር ዘመድ ነው። ከሱ በኋላ የመጡት ግን፣ በተለይ ውጭ አገር ለመማር የሚፈተኑ የሚሸመድዱት የባረን 3,500 ቃላት፣ ደረቅ ዝርዝር ናቸው። ወንድሞቻችን በፎቶ ኮፒ ያጠኑትን ዛሬ እኛ በስልክ እናጠናዋለን። ግሱን ይዘናል ማለት ነው። ቈጠራው የታለ? ማታ የሚሰማን መምህር የታል?

ቍጥር ለሚወድ ሰው ጥቂት እንጨምር። ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣው ወደ 2,000 የሚሆን መሠረታዊ የእንግሊዝኛ ቃል ከማናቸውም ጽሑፍ አብዛኛውን ይሸፍናል። አቨሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ለዩኒቨርሲቲ ንባብ የሚያስፈልጉትን ለይታ 570 የቃል ቤተሰቦች አገኘች። ጳውል ኔሽን በበኩሉ ጋዜጣና ልብ ወለድ ያለ ርዳታ ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰብ ያስፈልጋል ይላል። ከኮክስሄድ ቃላት መካከል «አሰስ»፣ «ኢምፕላይ»፣ «ዲራይቭ»፣ «ሰስቴይን» ይገኛሉ። ማንም ከራስጌው አይለጥፋቸውም፤ ብርቅ አይደሉማ! ጓደኛ አያፈዙም። ግን የመማሪያ መጽሐፋችን በየገጹ በነሱ ነው የሚናገረው። እኛ ከመሰላሉ የላይኛውን እርከን ጨብጠን መካከሉ ላይ እግራችን አየር ይረግጣል። አንድ መጽሐፍ ሙሉ አንብበን ላናገኘው የምንችለውን ቃል እናውቃለን፤ ምክንያትን ከውጤት የሚያያይዘውን ተራ ቃል ስንጽፍ እንሳሳታለን።

ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ ቀልድ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ላይ አናላክክም። ነገር ግን ጥያቄውን ያላነበበ ሰው ሊመልስ እንደማይችል ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። ያለፈውም ቢሆን ክፍል ውስጥ ገብቶ አፉ ይታሰራል። መልሱን የሚያውቅ ልጅ እጁን የማያነሣው ዐረፍተ ነገሩ እንዳይሰበርበት ፈርቶ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ እኛም እንዲሁ ነን። አራት ዓመት ዝም ብሎ ተምሮ የሚመረቅ አለ።

ከተማችን ሐዋሳ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ መመልከቻ ናት። ገና በ1950ዎቹ ዓ.ም. መባቻ የተቈረቈረች ልጅ ከተማ ናት፤ ከኢሰንበርግ መዝገብ በ120 ዓመት ያህል ታንሳለች። ስሟ በሲዳምኛ ሰፊ ማለት ነው፤ በጽሑፍ ግን ለብዙ ጊዜ መጀመሪያዋን ድምፅ ጥላ «አዋሳ» ስትባል ኖራ ነው ወደ ስሟ የተመለሰችው። እ.ኤ.አ. በ1976 የእርሻ ኮሌጅ ሲከፈትባት፣ ለትምህርቱ የተመረጠው ቋንቋ ያው እንግሊዝኛ ነበር። በዙሪያዋ ያለው እርሻ ግን የእንሰት እርሻ ነው። አንድ የሲዳማ ባልቴት የእንሰትን ዓይነት፣ አፋፋቁን፣ አቀባበሩን፣ የቆጮውን ደረጃ፣ ቡላውን፣ አሚቾውን፣ ቃጫውን ለየብቻው በስም ይጠሩታል። እንግሊዝኛው ይህን ሁሉ ምን ይለዋል? «ሐሰተኛ ሙዝ»! ወደ 20 ሚሊዮን ሕዝብ የሚመግበው ተክል ሙዝ ሳይሆን ቀርቶ ሐሰተኛ ተባለ። ደግነቱ የሳይንሱ መዝገብ «ኤንሴቴ» ብሎ የራሳችንን ቃል ወስዷል። ጤፍም እንደዚሁ በእንግሊዝኛው መዝገበ ቃላት በስሙ ገብቷል። እንግዲህ ከባልቴቷ የሰማውን በእንግሊዝኛ አስተካክሎ መጻፍ የሚችል የእርሻ ተማሪ ቢኖር፣ «ሎኳሺየስ»ን ከሚያውቁ መቶ ሰዎች ይልቅ እንግሊዝኛን የሚያበለጽገው እሱ ነው።

ሌላው ምሳሌ ከዚህ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሻሸመኔ ላይ አለ። በ1940ዎቹ ዓ.ም. መግቢያ ላይ ለጥቁር ሕዝብ ወዳጆች በተሰጠው አምስት ጋሻ መሬት ላይ በኋላ ከጃማይካ የመጡ ራስታዎች ሰፈሩ። እነዚህ ሰዎች እንግሊዝኛን እንዲሁ አይቀበሉትም። «አንደርስታንድ» በውስጡ ከሥር መቆም አለበትና ማስተዋልን «ኦቨርስታንድ» ይሉታል። ጭቈና «ኦፕረስ» ሲባል መነሻው ላይ ያለው ድምፅ ወደ ላይ ማለት ይመስላልና፣ ሰው ወደ ላይ አይጨቈንም ብለው «ዳውንፕረስ» አሉት። የኮሌጅ ሰው ይሥቃል። የቅኔ መምህር ግን አይሥቁም፤ ኅብረ ቃል ነው፤ ሰሙን ከፍቶ ወርቁን ማውጣት ነው። በባርነት የመጣባቸውን ቋንቋ ቈጥረውበታል።

እኛስ? በዚህ መጽሔት አንድ ነገር ልንሞክር አስበናል። ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ አንድ ገጽ ለቃል እንለቃለን። ያገኛችሁትን የእንግሊዝኛ ቃል ላኩልን፤ ብርቅ ቢሆን ባይሆን ግድ የለንም። ግን ብቻውን አንቀበልም። ከራሳችሁ በወጣ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይግባ፤ ዐረፍተ ነገሩም ስለምታውቁት ነገር ይሁን፤ ስለ አሞራ ገደል ዓሣ፣ ስለ ፍቼ ጫምበላላ፣ ስለ ባጃጅ ረዳት፣ ስለ እናታችሁ ጓሮ። ሐሙስ ማታ ተሰብስበን ጮክ ብለን እናነባለን፤ የተሰበረውን በጸሐፊው ፊት እናቃናለን፤ የማይቃናውን እናፈርሳለን። ማኩረፍ ክልክል ነው። ሣጥኑ ከቤተ መጻሕፍቱ በር በስተ ግራ ተሰቅሏል። ስቴንስልና ወረቀት ስለተወደደብን ከአምስት መስመር ባይበልጥ ደስ ይለናል።